ባሕር ያላየ ሠዓሊ ጀልባ ሲሥል

(በሰቆጣ ለሕዝብ የቀረበ የሥነ ጥበብ ትምህርት ንግግር)



ስለ ሥዕል እንድናገር ስጠየቅ ርእሱን ራሴ መረጥሁ፤ ጀልባንና የውኃ ዳርን የሚወዱ ሠዓሊዎች። «ለሰቆጣ ደግሞ ጀልባ ምኗ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። አልፈርድበትም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ሲባል በሰው ኅሊና የሚመጣው ገደል ነው፣ የአበርገሌ ፍየል ነው፣ ነጭ ማር ነው፤ ሲከፋም የድርቅ ዘመን ነው። ውኃ ብሎ የሚጀምር የለም።

እኔ የምለው ይህን ነው። የደጋው ሠዓሊያችን ጀልባን ለብዙ መቶ ዓመታት ሳያየው ወድዶ ሥሎታል። ዛሬ ግን ተከዜ ላይ፣ እዚሁ ዋግ ውስጥ፣ እውነተኛ ጀልባ አለ። አባቶች ሳያዩ ከሣሉት፣ ልጆች እያዩ የማይሥሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ልጀምር። የብዙዎቻችን የመጀመሪያ የሥዕል ትምህርት ቤት እሱ ነው፤ ቅዳሴው ለረዘመበት ልጅ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋና ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ሲቆም ሁላችንም እናስታውሳለን። ውኃ ያለባቸውን ሥዕሎች ግን ቆጥረናቸው እናውቃለን? ሙሴ ባሕሩን ከፍሎ እስራኤልን ሲያሻግር፣ ከኋላ ፈርዖን ከነሠራዊቱ ሲሰጥም አለ። ዮናስ ከመርከብ ሲወረወር አለ። ማዕበል ተነሥቶ ደቀ መዛሙርቱ ጌታን ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሱት፣ ጴጥሮስ በውኃ ላይ ሲራመድ ፈርቶ ሲጠልቅ አለ። በተአምረ ማርያምም በባሕር ላይ የተጨነቁ ተጓዦች የሚድኑባቸው ታሪኮች አሉ፤ ሠዓሊዎችም አልዘለሏቸውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኖኅ መርከብ አለ።

እነዚህን ሲሥሉ የኖሩት ሰዎች የደጋ ካህናት፣ ደብተራዎችና መነኮሳት ነበሩ። አብዛኞቹ ወደብ ረግጠው አያውቁም፤ ሸራ በነፋስ ሲነፋ አላዩም። ታዲያ መርከቡን ከየት አመጡት? ከመጽሐፍ አመጡት። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 6 ልኩን ቁልጭ አድርጎ ይሰጣል፤ ርዝመቱ 300 ክንድ፣ ወርዱ 50 ክንድ፣ ቁመቱ 30 ክንድ፣ በሩ በጎኑ፣ ታችኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደርብ ያለው። ይህን ልክ ለአንድ አናጢ አንብቡለትና ምን እንደሚሠራላችሁ ጠይቁት፤ ቤት ነው የሚላችሁ። ሸራ አልተጠቀሰም፣ መቅዘፊያ አልተጠቀሰም፣ መሪም የለውም። ስለዚህ ሠዓሊያችን ቤት ሣለ፤ ደርብ በደርብ ላይ የተነባበረበት፣ መስኮት የተደረደረበት፣ ሰውና እንስሳ ብቅ ብቅ ያሉበት፣ በውኃ ላይ የቆመ ቤት። ብዙ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ደግሞ ከታች የአገራቸውን መርከብ ሆድ፣ ከላይ ጣሪያ ያለው ቤት አድርገው ሣሉት። ወደባቸው ዓይናቸውን ስለሞላው መጽሐፉ ያላለውን ጨመሩ። ከሁለቱ ለቃሉ የቀረበው የእኛው ነው ባይ ነኝ።

ሌላም አለ። ከእኛ በስተደቡብ፣ ላስታ ውስጥ፣ ላሊበላ ላይ ያለውን ቤተ ጊዮርጊስን ካህናቱ በኖኅ መርከብ ይመስሉታል። ከዐለቱ ጉድጓድ ጠርዝ ቆማችሁ ስታዩት ግድግዳው በአግድም ቅርጾች እንደ ደርብ ተከፋፍሏል። የታችኛው ረድፍ ዘጠኝ መስኮቶች ያልተከፈቱ፣ መልክ ብቻ የተቀረጸላቸው ናቸው፤ የላይኞቹ 12 ግን ክፍት ናቸው። ውኃው የደረሰበት ደርብ ተዘግቶ፣ ብርሃን የሚገባበት ደርብ ተከፍቶ ማለት ነው። የባሕር ሰው ከእንጨት የሚያንጸውን የደጋ ሰው ከዐለት ፈለፈለው። ከላሊበላ በስተሰሜን ባለው በይምርሐነ ክርስቶስም እንዲሁ ነው። በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የተሠራው ይህ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ከሥሩ ውኃ እንዳለ ትውፊቱ ይናገራል። እንግዲህ ከባሕር የራቀ ሕዝብ መርከብን አልተወም፤ ባለበት ተራራ ላይ አስቀመጠው።

ውኃው ራሱ እንዴት እንደሚሣል ደግሞ እንይ። በቀደመው ሥዕል ውኃ ማለት ጎን ለጎን የሚሄዱ የተጠማዘዙ መስመሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ዓሦች ሙሉ ጎናቸውን ሰጥተው ይዋኛሉ። ጀልባው በጎኑ ይታያል፤ የተቀመጡበት ሰዎች ከጀልባው ይገዝፋሉ። ነጸብራቅ የለም፣ ጥላ የለም፣ ሩቅና ቅርብ የለም። «አልቻሉበትም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ አልስማማም። ሠዓሊው የሚነግረን ዓይን የሚያየውን ሳይሆን ልብ ማወቅ ያለበትን ነው። ጌታ ከታንኳው ስለሚበልጥ በልጦ ተሣለ። ዓሣው መኖሩን እንድናውቅ ውኃው አልጋረደውም። ደግ ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው ብዙ ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ስለሚሣል ፈርዖን አንገቱ ድረስ ሰጥሞ እንኳ ማንነቱ አይጠፋንም።

አንድ ነገር ግን በእርግጥ ቸግሯቸዋል፤ ቀለም። ቀዩና ቢጫው ከአፈር ይገኛል፣ ጥቁሩ ከጥቀርሻ። ሰማያዊው ከሩቅ የሚመጣ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ቀለም ነበር። ይህን ውድ ቀለም የባሕሩ ውኃና የእመቤታችን መጎናጸፊያ ይሻሙታል። ሲያንስ ለማን እንደሚቀድም ለእናንተ አልነግርም።

እርግጥ ባሕር አላየም ማለት ውኃ አላየም ማለት አይደለም። ጣና አለ። እዚያ ያለው ሠዓሊ ከደጁ ታንኳ ነበረው፤ ከደንገል የተጠረዘ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ውኃ ላይ ተቀምጦ እንኳ እርጥብ ሣር ሣር የሚሸት። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ በነዶ አስረው የሚሠሩት በተለይ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ሰዎች ናቸው፤ ጥበቡ በእነሱ እጅ ለብዙ ትውልድ ኖሯል። ታንኳው ዕድሜው አጭር ነው፤ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ሥራ ሲጨርስ ወጥቶ ዳር ላይ ይቆምና ይደርቃል፤ ከሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ በአዲስ ይተካል። በዚህ ዕቃ ነው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት የተጫነው፣ መነኮሳቱ ከደሴት ደሴት የተሻገሩት። በትውፊቱም የመንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳምን የመሠረቱት አቡነ ያሳይ ጣናን የተሻገሩት በድንጋይ ታንኳ ነው። ላስታ መርከቡን ከዐለት ሲፈለፍል ጣና ደግሞ ድንጋዩን አንሳፈፈው፤ ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው ደስ ይለኛል።

የጣና ደንገል ከጣና ወጥቶም ተጉዟል። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተጫነ ደንገል ነበር። ሠሪዎቹን ከቻድ ሐይቅ አመጣቸው፤ ጀልባዋ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ተሠራች፤ ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ብዙውን ካቋረጠች በኋላ ተበታትና ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። የመጀመሪያዋ ለምን እንደተበታተነች ብዙ ተብሏል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ለአንድ ሐይቅ የተፈጠረ ሣር ያን ያህል መሄዱ ነው።

ዛሬ ታንኳው በብረትና በፋይበር ጀልባ፣ በሞተር እየተተካ ነው። ደንገሉ ቀንሷል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን አስጨንቆታል። በባሕር ዳር የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች ታንኳ የተሣለበት ብራና ሞልቷል፤ ሲያዩት አንዱ ከአንዱ የተቀዳ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አንድ ቀዛፊ፣ አንድ ታንኳ። ገቢ ነውና ማንንም አልወቅስም። ግን ውኃ ዳር የሚኖር ሠዓሊም ካላየ ሊቀዳ እንደሚችል ምስክር ነው።

ወደ ሌላው ዓለም ልሻገር፤ እዚያ ብዙ አልቆይም። ክሎድ ሞኔ በፈረንሳይ አርዣንተይ በሚባል ቦታ ትንሽ ጀልባ ገዝቶ፣ ላዩ ላይ ቤት ነገር አሠርቶ፣ ወንዙ ላይ እየተንሳፈፈ ይሥል ነበር። ከለ አቭር ወደብ የሣላት አንዲት የማለዳ ሥዕል፣ ጭጋግና ሁለት ሦስት ጀልባ ያለባት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ለእይታ ቀርባ ለአንድ ሙሉ የሥዕል ንቅናቄ ስም ሰጥታለች። ቫን ጎህ በሰኔ 1888 ሳንት ማሪ ወደምትባል የሜዲትራንያን መንደር ሄዶ ጥቂት ቀን ብቻ ቆየ። የአስጋሪዎቹ ጀልባዎች በማለዳ ስለሚወጡ አሸዋ ላይ ተጎትተው ባሉበት ሰዓት በፍጥነት በብዕር ነደፋቸው፤ በቀለም የሣላቸው ወደ አርል ከተመለሰ በኋላ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ጀልባ መሬት ላይ ሲወጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሠዓሊም ያኔ ነው የሚይዘው።

አሁን ልቆይበት ወደምፈልገው ሰው ደረስሁ። አልፍሬድ ዎሊስ ይባላል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1855 እንግሊዝ አገር ተወለደ። በወጣትነቱ መርከብ ላይ ሠርቷል፣ ዓሣ አስግሯል፤ በኋላም በሴንት አይቭስ የወደብ ከተማ አሮጌ ገመድ፣ ብረትና ሸራ እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ሆነ። ሥዕል የሚባል ነገር ተምሮ አያውቅም። በ1922 ሚስቱ ሞተችና ብቻውን ቀረ። 70 ዓመት ሲሆነው አካባቢ፣ ብቸኝነቱን ለማስረሳት መሣል ጀመረ። የሚሥለው ጀልባ፣ መርከብ፣ ወደብ፣ የመብራት ግንብ ነው፤ ብዙውን ከትዝታው፤ የሸራ መርከቦች ዘመን አልፎ ስለነበር የቀረውን በእጁ ይይዝ ነበር።

የሥዕል ሸራ አልገዛም። ከባለ ሱቅ የሚያገኘውን ካርቶን ቆራርጦ፣ ቅርጹ ሰያፍ ከሆነም ሰያፍ እንደሆነ ትቶ፣ ሥዕሉን ከካርቶኑ ቅርጽ ጋር አስማማ። የጀልባ ቀለም ይቀባበታል፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ። ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ዉድ የተባሉ ሁለት ወጣት ሠዓሊዎች በ1928 በደጁ ሲያልፉ በሩ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ በምስማር የተመቱ ሥዕሎቹን አዩ። ከዚያ በኋላ የሥዕል ዓለም አወቀው፤ ኪሱ ግን አልሞላም። በ1942 የሞተው በድሆች መጠለያ ውስጥ ነው። ዛሬ ሥራዎቹ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ተሰቅለዋል።

ይህን ሰው ሰቆጣ ድረስ ያመጣሁት በምክንያት ነው። በዎሊስ ሥዕል ትልቁ ነገር አስፈላጊው ነገር ነው። አንድ ጀልባ ከቤት ይበልጣል፤ ዓሣ ከጀልባ ሊያህል ይችላል፤ ወደቡ ከላይ፣ ጀልባው ከጎን በአንድ ጊዜ ይታያል። ልክ የእኛ ሠዓሊ ታንኳውን አሳንሶ ሰዎቹን እንዳገዘፈ። አንዱ ከእንግሊዝ ወደብ፣ ሌላው ከኢትዮጵያ ደጋ፣ ሳይተዋወቁ አንድ መንገድ ሄዱ። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ዎሊስ እያንዳንዱን ገመድ በእጁ ጎትቶታል። በሥዕሉ ላይ ጀልባው ወዴት እንደሚያጋድል፣ ማዕበሉ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው እጅ ይታያል። የአባቶቻችን ሥዕል እምነት አለው፣ ድርሰት አለው፣ ክብር አለው፤ የገመዱ ዕውቀት ግን አልነበረውም፣ ሊኖረውም አይችልም ነበር። እነሆ አሁን ሊኖረው ይችላል የምለው ስለዚህ ነው።

ወደ ዋግ እንመለስ። ይህ አገር በምስል ታውቋል፤ እንዴት እንደታወቀ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በ1966ቱ የወሎ ረሀብ ዘመን ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ የረሀብ ሰለባዎችን የሣሉበት ትልቅ ሥራ በአገራችን የሥዕል ታሪክ ውስጥ የማይታለፍ ነው። ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ከዋግና ከአጎራባች አውራጃዎች የተሰደደው ሕዝብ ኮረም ላይ ሰፍሮ ሳለ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ተላልፎ ዓለምን አናወጠ። ያ ምስል ሰው አድኗል፤ ክብር ይገባዋል። ግን አንድ ምስል ብቻውን ሲቀር አገርን ይቆልፋል። ልጆቻችን በሌላ አገር «ከዋግ ነኝ» ሲሉ በሰሚው ዓይን ላይ የሚመጣው ያ የ1977 ምስል ነው። ይህን የሚለውጠው ሌላ ምስል ነው እንጂ ቅሬታ አይደለም።

ሌላው ምስል ደግሞ ከዚህ ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። የተከዜ ግድብ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ከፍታው 188 ሜትር ነው፤ ሲመረቅ በአፍሪካ በቁመት የሚተካከለው ግድብ አልነበረም። የተተከለለት ኃይል 300 ሜጋ ዋት ነው። ከበስተኋላው የተጠራቀመው ውኃ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል፤ በሸለቆው ውስጥ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። የአበርገሌ፣ የዝቋላና የሰሃላ ሰዎች በበጋ በእግራቸው የሚሻገሩት፣ በክረምት የሚቆርጣቸው ወንዝ ሐይቅ ሆነባቸው። ፍየል ጠባቂ የነበረ ወጣት መረብ መጣል ተማረ። ቆሮሶና አምባዛ ገበያ ወጣ። ጀልባ መጣ።

በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የደጋና የቆላ ሕዝብ አስጋሪ ሲሆን ማየት በየትም አገር ብርቅ ነው። ሴንት አይቭስ ወደብ የሆነው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው፤ ማን የመጀመሪያውን ጀልባ እንደገፋ የሚያስታውስ የለም። ተከዜ ሐይቅ ላይ የመጀመሪያውን መረብ የጣሉት ሰዎች ዛሬም አሉ። ቀዘፋ ማን እንዳስተማራቸው፣ የመጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ ምን እንደተሰማቸው ይነግሯችኋል። ጀልባቸውን ማን እንደሠራው ያውቃሉ። ሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ለዓይንም ቢሆን ቦታው ቀላል አይደለም። ውኃው በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ለኃይል ሲለቀቅ ይወርዳል። ስለዚህ ዳሩ ቋሚ አይደለም፤ ከውኃውና ከቁጥቋጦው መካከል ሣር የማይበቅልበት ገርጣ ያለ ጥብጣብ በገደሉ ዙሪያ ይቀራል። ጀልባ ዛሬ የታሰረበት ቦታ ከወራት በኋላ ተረተር ላይ ይቀራል። በአውሮፓ የወደብ ሥዕል ውስጥ የማናየው ነገር ነው ይህ፤ የራሳችን ዳር ነው።

በዚህ ጊዜ ከመካከላችሁ አንድ ሰው «ይህ ሁሉ ደህና፣ ግን እህል ሳይሞላ ሥዕል?» ብሎ እንደሚያስብ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዋግን እንዴት እንደጎዳ፣ ሐይቁ ዳር ያሉት ወረዳዎች ስንት ሰው እንደተፈናቀለባቸው ለእናንተ አይነገርም። ይህች ከተማ ስሟን የሰጠችው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የተፈረመው፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ነው። ዓሣውና ጀልባው ለዚያ ያስፈልጋሉ፤ ከሥዕሉ ይቀድማሉ። እኔ የምጠይቀው ግን የእህሉን ገንዘብ አይደለም። እርሳስና ወረቀት ነው። ዎሊስ በካርቶን ሠርቷል፤ እኛም ካርቶን አለን። ቀይ አፈር አለን፣ ከሰል አለን።

ከጎረቤታችን አንድ ሰው ላንሣ። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የተወለዱት ወልድያ ነው። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም በከፈቱት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብረ ክርስቶስ ደስታ አስተማሯቸው፤ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ተማሩ፤ ተመልሰው ለረጅም ዓመታት አስተማሩ። ዓለም ይበልጥ ያወቃቸው ግን በአንድ ቀላል በሚመስል ነገር ነው፤ በየመንገዱ ዳርና በየገበያው ቆመው ጥቂት አትክልት የሚሸጡ ሴቶችን እንደ ምሰሶ አግዝፈው ሣሉ። ሁላችንም በየዕለቱ አልፈናቸው የምንሄደውን እሳቸው ቆመው አዩት። መረብ የሚጠግን የአበርገሌ ወጣት ከዚያ ያንሳል?

ለሚጀምሩት ጥቂት የሙያ ነገር ልበል። ጀልባ መሣል ከባድ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር የለውምና። ሁለቱ ጫፎቹ ከፍ፣ መካከሉ ዝቅ ይላል፤ ቅርቡ ከንፈርና ሩቁ ከንፈር አንድ ዓይነት አይታጠፉም። ስለዚህ መጀመሪያ ጀልባው የሚገባበትን ሳጥን ሣሉ፣ ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ ቆርጣችሁ አውጡት። ነጸብራቅ ዕቃው ውኃውን ከነካበት ቦታ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥቁር ነገር በውኃ ውስጥ ትንሽ ይፈካል፣ ነጭ ነገር ትንሽ ይጠቁራል። ሞገድ ሲኖር ነጸብራቁ ወደ እናንተ ይረዝማል። እኩለ ቀን አትሂዱ፤ በሸለቆው ውስጥ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሁሉም ነገር ይነጣል፣ ቅርጽ ይጠፋል። ማለዳና ወደ ማታ የገደሉ ጥላ ውኃው ላይ ሲወድቅ ነው ሥዕል የሚገኘው። ከጀልባው በፊት ግን ሰውየውን ተዋወቁት። የትኛው ገመድ ለምን እንደታሰረ ያልጠየቀ ሠዓሊ ገመዱን አሳስቶ ይሥላል፤ አስጋሪው አይቶ ይስቃል፣ መሳቁም ይገባዋል።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊነት ላላቸው አባቶችም አንድ ነገር አለኝ። የቀደመውን ሥርዓት ተዉ አልልም። የኖኅ መርከብ ባለ ሦስት ደርብ ሆኖ ይቆይ፤ ፈርዖንም በአንድ ዓይኑ ይስጠም። ነገር ግን ደቀ መዛሙርቱ መረብ ሲጥሉ የምትሥሉበት ቀን ሲመጣ፣ የተከዜን መረብ አይታችሁ ብትሥሉት ወንጌሉ ላይ የሚጎድል ነገር የለም። እጅ መረብ ሲይዝ ጣቶቹ እንዴት እንደሚቆለፉ፣ ጀልባ ሰው ሲቆምበት በየት በኩል እንደሚያዘነብል ብታሳዩን ምእመኑ ሥዕሉ ሥር ቆሞ የሚያውቀውን ያገኛል።

መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሐይቁ ውረዱ፤ አንድ ቀን ይበቃል። የዞኑ የባህልና ቱሪዝም ሰዎች፣ ለዚያች ቀን መኪና ስጧቸው። ልጆች፣ የሣላችሁት ሥዕል ሥር ሦስት ነገር ጻፉበት፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጀልባውን የሠራውን ሰው ስም። የጥንት ሠዓሊዎቻችን የቅዱሳኑን ስም በራስጌያቸው መጻፍ አይረሱም ነበር፤ እናንተም የጀልባውን ሠሪ አትርሱት። ሥዕሉን ወደ ቤት አትውሰዱት፤ በትምህርት ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ አስጋሪዎቹንም ጠርታችሁ አሳዩአቸው።